መጀመሪያ ሙቀቱን ለኩ

ክቡር ዲን፣ መምህራን፣ ከአቃቂም ከቃሊቲም ከዚያም ርቃችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ የዛሬ ተመራቂ ነርሶችና ጤና መኮንኖች፦

የት እንደምትመደቡ ገና አላወቃችሁም። አንድ ሌሊት ግን ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆናችሁ ሳለ፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ በኩል እጁ በገመድ የታሰረ ወጣት ይዘው ይመጣሉ። ይጮኻል፤ ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል። ከካርድ ክፍል ጀምሮ ያለው ሁሉ «የሳይካትሪ ኬዝ ነው፤ ለአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሪፈር ጻፉለት» ይላል። ወረቀቱ ወዲያው ይጻፋል፤ ቴርሞሜትሩ ከመሳቢያው አይወጣም። ማጅራት ገትር ይዞት ይሁን፣ ወባ ይሁን፣ ስኳሩ ወርዶ ይሁን ያየ የለም።

ማግለል ሲባል ስድብና ሳቅ ይመስለናል። በጤና ተቋም ውስጥ ያለው ማግለል ግን ጨዋ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእርስዎ ሐኪም ሌላ ቦታ ነው» ይላል።

ቡታጅራ ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች 10 ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በጥናቱ መሠረት ታማሚዎቹ ከሌላው ሰው በአማካይ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው ይሞታሉ። በምን? ብዙዎቻችን ራስን ማጥፋት ነው ብለን እንገምታለን። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የወሰደው ግን ተላላፊ በሽታ ነው፤ እናንተ እነዚህን ዓመታት ሁሉ ልታክሙት ስትማሩ የከረማችሁት። ድህነቱም፣ የመንገዱም ርቀት ድርሻ አላቸው፤ ያንን ብቻችሁን አትችሉትም። ሳይመረመር የተሸኘው ሰው ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ቤተሰብም ይደብቃል። በዚያው በቡታጅራ ቀደም ብሎ በተደረገ ጥናት፣ ከታማሚዎች ዘመዶች መካከል ከሦስት አንዱ የሚበልጡት ሕመሙ እንዳይታወቅ ይፈልጉ ነበር። እናት ፊታችሁን አይታ ግማሹን ታሪክ ብትውጠው አትቆጧት፤ በእርጋታ ደግማችሁ ጠይቋት።

መፍራታችሁ አያሳፍርም። ሌሊት ብቻዋን የቆመች ነርስ የሚጮኽ ጎልማሳ ብትፈራ ምን ይገርማል? ጥበቃ ትጥራ፣ ጓደኛዋን ትጥራ፤ ከዚያ ግን ቫይታል ሳይኑን ትውሰድ።

«የእኔ ሥራ አይደለም» የሚለው መልስ ጊዜው አልፎበታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የአገሪቱ ሳይካትሪስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ቁጥራቸው ቢጨምርም ለሁሉም አይደርሱም። ደስ የሚለው፣ በጉራጌ ወረዳዎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ በጤና ጣቢያ ያሉ ሠልጥነው የገቡ ተራ ባለሙያዎች የሰጡት እንክብካቤ በሆስፒታል የአእምሮ ነርሶች ከሚመሩት እንደማያንስ አሳይቷል። እነዚያ ባለሙያዎች እንደ እናንተው ነርሶችና ጤና መኮንኖች ናቸው።

ንግግር ብቻውን ልብ እንደማይለውጥ አውቃለሁ (የእኔንም ጨምሮ)። በኔፓል ቺትዋን፣ ከአእምሮ ሕመም ያገገሙ ሰዎች ራሳቸው ሥልጠናው ላይ ተገኝተው፣ ፎቶግራፋቸውን እያሳዩ ለጤና ባለሙያዎች ታሪካቸውን ሲተርኩ ውጤቱ ከተለመደው ሥልጠና የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ ነው ዲኑን የተሰጠኝን ሰዓት ለሁለት እንዲከፍሉልኝ የለመንኳቸው። ቀጥሎ የሚናገሩት ወንድማችን ታክመው ወደ ሥራቸው የተመለሱ፣ የዚሁ የአቃቂ ሰው ናቸው። ማይኩ የእርሳቸው ነው።