ዓምዱና ጉድጓዱ



በሲሲሊያ ደሴት ጠረፍ ያለችውን ሲራኩስን ጎብኝተን ስለ ተመለስን፤ ያየነውን በአጭሩ እንገልጽላችኋለን።

ከተማዋን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት የቆሮንቶስ ግሪኮች ናቸው። በ5ኛው መቶ ዓመት አቴና ለተባለችው አምላካቸው የሠሩት ቤተ መቅደስ ዓምዶች፤ ዛሬም በካቴድራሉ ግድግዳ ውስጥ ቆመው ይታያሉ። እኛም እንደ ማንኛውም ጎብኚ አደነቅናቸው።

ከጥንቱ ቲያትር አጠገብ ግን የሕንፃ ድንጋይ የተፈለጠበት ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ዛሬ ሎሚና ብርቱካን በቅሎበታል፤ ጎብኚዎችም «የዲዮናስዮስ ጆሮ» ከሚባለው ዋሻው ገብተው የገደል ማሚቶ ለመስማት ይጮኻሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ413 ዓመት ከተማዋን ሊይዝ የመጣው የአቴናውያን ጦር ድል በተመታ ጊዜ፤ ከ7,000 የማያንሱ ምርኮኞች በሲራኩስ የድንጋይ ጉድጓዶች እንደ ታጎሩ የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ ይነግረናል። ቀን ሐሩር፣ ሌሊት ቁር ተፈራረቀባቸው፤ ለአንድ ሰው በቀን የሚሰጠው አንድ ትንሽ ጽዋ ውሃና ሁለት ጽዋ እህል ነበር። ብዙዎቹ እዚያው አለቁ።

ጓደኞቻችን፤ ዓምድን ማድነቅ መልካም ነው። ነገር ግን ተማሪ የተባለ ሰው፤ ድንጋዩ ከየት እንደ ተፈለጠና ጉድጓዱ ማንን እንደ ዋጠ ሳይጠይቅ «ታሪክ አየሁ» ሊል አይገባውም።