ዝንብን በፎቶግራፍ ስለ መለየት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ስም የተነገረ)



ነገሬ ስለ ዝንብ ነው። ስለ ዝንብ ለመስማት ወደ በዓል የሚመጣ ሰው እንደሌለ ዐውቃለሁ፤ ዝንብ ግን ሳይጠራ በየቤታችን ስለሚገባ፥ እኛም ጥቂት ደቂቃ ብንሰጠው አይከፋም።

ባለፈው ፋሲካ ከአርሲ ደጋ የመጣ በግ አዳማ ቤታችን ገባ። በጠጉሩ ውስጥ ቡናማና ጠፍጣፋ ተባዮች ይሄዱ ነበር። አያቴ «ልጄ፥ ይህ መዥገር ነው» አሉኝ። እኔም አንዱን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቼ «የበግ መዥገር» ብዬ ጻፍኩበትና ለክበባችን አቀረብኩ። አንዲት ጓደኛችን ግን ፎቶግራፉን አጉልታ እግሮቹን ቆጠረች፤ ስድስት ሆኑ። የደረሰ መዥገር እግሩ ስምንት ነው። ለካስ ያ ተባይ ክንፍ የሌለው ዝንብ ኖሯል! በሳይንስ ስሙ ሜሎፋገስ ኦቪነስ ይባላል። አያቴንም እኔንም ያሳሳተን፥ ዝንብ ሁሉ ይበራል ማለታችን ነው።

«ስሙ ቢለወጥ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። መዥገር ከከብቱ ላይ ወርዶ ዕንቁላሉን በመሬት ይጥላል፤ ስለዚህ መስኩንም መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ ዝንብ ግን ዕድሜውን በሙሉ በበግ ላይ ሆኖ ደም ይመጣል። ሴቲቱ አንድ እጭ በሆዷ አሳድጋ ትወልድና ከጠጉሩ ጋር ታጣብቀዋለች። ከበግ ወደ በግ የሚተላለፈው በመነካካት ስለሆነ፥ አንዱን አክሞ ጓደኞቹን መተው ድካም ብቻ ነው። ዝንቡም ሆነ ቅማል በበጉ ላይ ሲበዛ፥ በቆዳው ላይ «እከክ» የሚባለው ጉድለት ይቀራል። ቆዳው ሞጆ ካሉት ፋብሪካዎች ሲደርስ በዚህ ጉድለት ምክንያት ዋጋው ይወርዳል። የሚጎዳውም መጀመሪያ ገበሬው ነው።

እንግዲህ በፎቶግራፍ ላይ ምን እንመልከት? እግሩን፥ አፉንና ክንፉን። የቤት ዝንብ አፉ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ ይልሳል እንጂ አይናከስም። በከተሞቻችን የጋሪ ፈረሶችን እግር የሚወጋው የጋጣ ዝንብ ግን፥ ከቤት ዝንብ ጋር እጅግ ቢመሳሰልም፥ ከራሱ ፊት እንደ መርፌ የወጣ መውጊያ አለው። ገንዲ የሚያስተላልፈው የፄፄ ዝንብም መውጊያው ወደ ፊት ነው፤ ነገር ግን ሲያርፍ ክንፎቹን እንደ ተዘጋ መቀስ ይደራርባል፤ የጋጣ ዝንብ ግን ክንፎቹን ይከፍታል። ከዚህም በላይ በፄፄ ክንፍ መካከል የመጥረቢያ ቅርጽ ያለው ክፍል ይታያል።

ፄፄ በአዳማ ባይኖርም፥ በዚሁ በስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ሲወርዱ፥ በአርባ ምንጭ በኩል ከብቱን ሲያስጨንቅ ኖሯል። አገራችን በ1997 እ.ኤ.አ. በደቡብ ስምጥ ሸለቆ የጀመረችው ሥራ፥ በጨረር መካን የሆኑ ወንድ ዝንቦችን አራብቶ መልቀቅ ነበር። ለዚህም ቃሊቲ ላይ ማራቢያ ተሠራ። መካኑ ወንድ የሚጠቅመው የራሱን ዝርያ ሴት ሲያገኝ ነው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ አምስት ዓይነት ፄፄ ይገኛል። ዝርያው ከተሳሳተ ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ይሆናል። አንዱን የፄፄ ዝርያ ከሌላው ለመለየት ግን ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ አይበቃም፤ ተባዩን ራሱን በማጉያ መነጽር መመርመር ግድ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ዝንብ ስታነሡ ከላይ፥ ከጎንና ከፊት አንሡ፤ በአጠገቡ ማስመሪያ አኑሩ፤ ቀኑን፥ ቦታውንና የተገኘበትን እንስሳ ጻፉ፤ ተባዩንም በአልኮል አስቀምጡ። ከሁሉ በላይ ግን ፎቶግራፉ የማያሳየውን አትጨምሩበት። «ዝንብ ነው፤ ዝርያው ገና አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ውርደት አይደለም። ቸኩሎ መሰየም ግን የሰው ከብት ያስጨርሳል።

አያቴም እግሮቹን በስልኬ ላይ አንድ በአንድ ቆጥረው ሲያበቁ፥ «ለካስ እስከ ዛሬ ሳልቆጥር ኖሬያለሁ» ብለው ሳቁ። እኔም ሳልቆጥር ነበር የጻፍኩት።