የተርቦ ነፍሱ በዘይቱ ነው



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው፣ በመኪና ኮፈን ሥር ተደብቆ የሚኖር፣ በሁለት እጅ ሊታቀፍ የሚችል፣ ነገር ግን በዳገት ላይ የመኪናውን ጕልበት የሚወስን አንድ መሣሪያ ነው። ስሙ ተርቦ ይባላል። ነገሩ የመካኒኮች ብቻ መስሎ የሚታያችሁ ብትኖሩ፣ ከወልቂጤ ወደ አታት የሚወስደውን መንገድ አስቡ። በአታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. የተቋቋመ ሆስፒታል አለ። በዚያም የመውለጃ ጊዜያቸው የደረሰና የሚያሠጋቸው እናቶች ቀደም ብለው መጥተው የሚቈዩበት ማረፊያ መዘጋጀቱ፣ በዚህ አገር መንገድና ሕይወት ምን ያህል የተሳሰሩ መሆናቸውን ያስረዳል። ምጥ የያዛት ሴት የጫነ መኪና በዳገት መካከል ቢቆም፣ ጕዳቱ የባለ መኪናው ብቻ አይሆንም። እንዲሁም የማረቆ በርበሬ ወይም ቆጮ ጭኖ ወደ ገበያ የሚገሠግሠው ነጋዴ እንጀራው የተንጠለጠለው በዚሁ ሞተር ላይ ነው።

ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር አዋሕዶ ነው። አየሩ ሲያንስ ጭሱ ይጠቁራል፤ ጕልበቱም ይደክማል። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ከግቤ ሸለቆ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ወልቂጤ የሚወጣ የጭነት መኪናም ከፍታውን በጨመረ ቍጥር የሚስበው አየር እየሳሳ ይሄዳል።

ተርቦ ይህን ጕድለት ይሞላል። ከሞተሩ የሚወጣው ትኵስ ጭስ አንዱን መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለው መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር እየሳበና እያመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። አሳቡን አልፍሬድ ቢዩኺ የተባለ የስዊስ ኢንጂነር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1905 ዓ.ም. በፓተንት አስመዘገበው። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ ለአውሮፕላን ሞተር የሠራውን ተርቦ ፓይክስ ፒክ በተባለው፣ 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ተራራ አናት ላይ አውጥቶ ፈተነው። ተራራ የመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የተርቦ ጥቅም የሚታወቀው አየር በሳሳበት ከፍታ ነውና። ስለዚህ የደጋ ሰዎች የሆንን እኛ ለዚህ መሣሪያ ባዕዳን ልንሆን አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ እንግባ። የተርቦ ዘንግ በአንድ ደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። በዚህ ፍጥነት ብረት ብረትን ቢነካ በቅጽበት ይፋጃል። ስለዚህ በአብዛኞቹ ተርቦዎች ዘንጉ የሚንሳፈፈው ከፀጕር በቀጠነ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዘይቱ ከሞተሩ ተገፍቶ በላይ በኩል በቀጭን ቧንቧ ይገባል፤ ዘንጉን አለስልሶና አቀዝቅዞ በታች በኩል ይወጣል። ሲገባ በግፊት ነው፤ ሲወጣ ግን የሚገፋው የለም። በራሱ ክብደት ብቻ ወደ ሞተሩ የዘይት ቋት ይወርዳል። ያውም አረፋ ሆኖ ነው። የመመለሻው ቧንቧ ከመግቢያው እጅግ የሚሰፋበት ምክንያትም ይኸው ነው።

በጠባብ ኮፈን ሥር ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው የጭሱን ቧንቧ፣ የአየሩን ጎማ፣ ራዲያተሩንና ባትሪውን አስማምቶ ከጨረሰ በኋላ፣ የዘይት መመለሻውን በተረፈው ቀዳዳ አጣምሞ ያሳልፈዋል። ቧንቧው ወርዶ እንደ ገና ሽቅብ ከወጣ ወይም ከታጠፈ፣ ዘይቱ መካከል ላይ ይጠራቀማል፤ ወደ ኋላም ተመልሶ በዘንጉ ጫፍና ጫፍ እያለፈ ወደ ጭሱና ወደ አየሩ ይገባል። መኪናው ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ የናፍጣ ሞተር በዚህ መንገድ የራሱን ዘይት ማቃጠል ከጀመረ፣ ቍልፉ ቢዘጋም ላይጠፋ፣ እስኪሰበርም ድረስ ሊጋልብ ይችላል።

ስለዚህ በጠባብ ቦታ የመጀመሪያው መብት የዘይቱ ነው። ግንበኛ ግድግዳውን በቱምቢ እንደሚያይ ሁሉ፣ ተርቦው ቦታውን ሲይዝ የዘይቱ መግቢያ ወደ ላይ፣ መውጫው ወደ ታች መሆኑን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ዘንጉም አግድም ይተኛ። በብዙዎቹ ተርቦዎች የጭሱ ቤትና የአየሩ ቤት የታሰሩበት ብሎን ወይም ቀለበት ሲላላ ዞረው ይስተካከላሉ። እንግዲህ መካከለኛውን የዘይት ቤት ቀጥ አድርጋችሁ ሌሎቹን ለቦታው እንዲመቹ አዙሩ እንጂ፣ ለሌሎቹ ሲባል እርሱን አታጋድሙ። ስታዞሩም የመዘውሩ ክንፎች ግድግዳውን እንዳይነኩ ተጠንቀቁ። መመለሻው ከዘይቱ ወለል በላይ ወደ ቋቱ ይግባ። በዘይት መተላለፊያው ላይ ልኩን የጠበቀ ጓርኒሲዮን እንጂ ሲሊኮን አትቀቡ፤ የሲሊኮን ፍርፋሪ ቀጭኑን መንገድ ይደፍነዋልና። የጭሱ ቤት በሥራ ላይ ብዙ መቶ ዲግሪ ስለሚግል፣ የፍሬን ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የነዳጅ ጎማ ከእርሱ ይራቁ፤ መራቅ ካልቻሉ የቆርቆሮ መጋረጃ ይደረግላቸው። የዘይት መግቢያው ቧንቧም በንዝረት እንዳይሰነጠቅ ከሞተሩ ጋር ይታሰር።

ነገር ግን አዲሱን ከማሰራችሁ በፊት አሮጌው ስለ ምን ሞተ ብላችሁ ጠይቁ። ዘይቱ ቈሽሾ ከነበረ፣ የመግቢያው ቧንቧ በከሰል ተደፍኖ ከነበረ፣ ወይም የአየር ማጣሪያው ተቀዶ የኮረኮንች አቧራ አሳልፎ ከነበረ፣ አዲሱም ያንኑ ሞት ይሞታል። ዘይትና ፊልትሮ ለውጡ፤ ቧንቧውን አጽዱ፤ ካልጸዳም ቀይሩት።

ከዚህ በኋላ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን አስታውሱ። መግቢያውን ቧንቧ ከመግጠማችሁ በፊት ንጹሕ ዘይት በተርቦው መግቢያ አንጠባጥቡ፤ መዘውሩንም በጣት ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ቀጥሎ ነዳጁ ተዘግቶ ሞተሩ በሞተሪኖ ብቻ ለጥቂት ሰኮንድ እያረፈ ይዙር፤ የዘይቱ ግፊት እስኪነሣ ድረስ። ከተነሣም በኋላ ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ይቈይ፤ ነዳጅ አትርገጡ። በዚህ ጊዜ ቧንቧዎቹ ማንጠባጠባቸውን ተመልከቱ።

የቀረው የሾፌሩ ፈንታ ነው። ጧት ሞተሩን እንዳስነሣ ወዲያው አይጋልብ። ዳገት ወጥቶ እንደ ደረሰም ቍልፉን ወዲያው አይዝጋ። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ፖምፓ ይቆማል፤ የጋለው ተርቦ ግን ገና አልቀዘቀዘም፤ ዘንጉም ጥቂት ይዞራል። በውስጡ የቀረው ዘይት ይቃጠልና ከሰል ይሆናል። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ማቈየት ይህን ያስቀራል፤ የሚጠፋው ነዳጅም ከአዲስ ተርቦ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ከምንም የማይቈጠር ነው።

የአምቡላንስ ሾፌር ግን በሽተኛ ይዞ ሆስፒታል በር ሲደርስ ስለ ተርቦ ሊያስብ አይችልም፤ ሊያስብም አይገባም። በሽተኛዋ ትውረድ፤ ሞተሩም በሚኒሞ ይቈይላት። ጥንቃቄው አስቀድሞ በጋራዡ ውስጥ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ሳለ የተፈጸመ መሆን አለበት። እንግዲህ ባለ መኪናዎች ሆይ፤ መኪናችሁን ከጋራዥ ስትረከቡ ስለ ዋጋው ብቻ አትከራከሩ። ኮፈኑን አስከፍታችሁ፣ የዘይቱ መመለሻ ያለ ምንም እጥፋት ወደ ታች መውረዱን በዓይናችሁ አይታችሁ ተረከቡ።

መንገዳችሁ የቀና ይሁን።