አሮጌውን ሕንፃ አፓርታማ ከማድረጋችን በፊት
(ለጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ጉባኤ የሱቅና የቢሮ ሕንፃችንን አፓርታማ እናድርገው ሲባል እኛ የሒሳብ ክፍሎችም አብረን አጨብጭበናል። ቁጥሩን ስንደምር ግን ቀዝቀዝ አልን።

ግድግዳ ማፍረሱ ቀላሉ ነው። በየፎቁ ያለው መጸዳጃ አንድ ብቻ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቤት ወጥ ቤትና መታጠቢያ ሲገባ ቧንቧው ሁሉ እንደ አዲስ ይዘረጋል። መሀል ያሉት ክፍሎች መስኮት የላቸውም። መብራቱስ? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ቅዳሜ ጠዋት 8 ቤት እኩል ሲጋግር አስቡት!

ትልቁ ነገር ግን ታክሱ ነው። በሱቅ ኪራይ ላይ ቫት ስለምንሰበስብ ለዕቃ የከፈልነውን እናቀናንሳለን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ግን ከቫት ነፃ ነው፤ ስለዚህ በሲሚንቶና በቧንቧ ላይ የምንከፍለው 15 በመቶ የእኛው ወጪ ሆኖ ይቀራል። ከተከራይ ቅድሚያ ወስደን እንጨርሰው ያላችሁም ነበራችሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይከለክላል።

ይህ ገንዘብ ጉሊት ከሚውሉ እናቶች በየወሩ የተሰበሰበ ነው። የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ሳይወጣ፣ መሐንዲስም ምሰሶውን ሳያይ ቁጠባው እንዳይነካ፤ ከተጀመረም በላይኛው ፎቅ ብቻ እንዲሞከር እንጠይቃለን። የምድር ቤቶቹ ሱቆች ኪራያቸውን እያስገቡልን ይቆዩ።