ሳጥኑ ከመወንጀሉ በፊት፦ በአሮጌ መኪኖች የሞተር ኮምፒውተርን ስለ መመርመርና ስለ መተካት



ይህ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት የአሉሚኒየም ሳጥን የአንዲት ቶዮታ ኮሮላ የሞተር ኮምፒውተር ነው። መኪናዋ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1992 የተሠራች ስትሆን፣ ባለቤቷ ፎንቆ ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሳጥኑን «ሞቷል» ብዬ የፈረድኩበት እኔ ነኝ። ሳጥኑ ግን አልሞተም ነበር። የዛሬው ንግግሬ በአመዛኙ ስለዚህ ስሕተት ነው።

ጉዳዩን ለማያውቁ ጥቂት ልበል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ያገለገለችው ዲኤክስ ኮሮላ ኮምፒውተር አልነበራትም፤ ካርቡራተሯን በካቻቢቴ ማስተካከል ይቻል ነበር። ነዳጅ የመመጠኑን ሥራ ለኤሌክትሮኒክስ መስጠት በስፋት የተጀመረው በ1967 የቦሽ ኩባንያ ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን ሥርዓት በቮልስዋገን 1600 ላይ ባዋለ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ የሞተሩን ፍጥነት፣ የአየሩን ግፊት፣ የውኃውን ሙቀትና ነጂው ነዳጅ የረገጠበትን መጠን ከሴንሰሮች እየተቀበለ፣ ኢንጀክተሩ ስንት ሚሊ ሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይና ካንዴላው መቼ ብልጭታ እንደሚሰጥ ይወስናል። ልብ በሉ፦ ውሳኔው የሚመሠረተው ከውጭ በሚነገረው ላይ ነው።

ወደ ፎንቆዋ መኪና ልመለስ። በገበያ ቀን ጠዋት አልነሣ አለች፤ ተጎትታ ሆሳዕና መጣች። ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፤ ነገር ግን ብልጭታ የለም፣ ኢንጀክተሮቹም አይከፈቱም። ቁልፉ ሲዞር መብራት የሚገባው የሞተር ምልክትም አይበራም። ቴስተሬን አውጥቼ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባውን ኃይል ለካሁ፤ 12.4 ቮልት አለ። ማሳውን ለካሁ፤ ጤነኛ ነው። (ማሳ ስል ፎንቆ ላይ እንሰት የሚተከልበትን ማለቴ አይደለም፤ የጋራዡ ማሳ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን የባትሪው ኔጌቲቭ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዝበት ነው። ሁለቱም ወደ መሬት የሚያደርሱ መሆናቸው ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል።) በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ ሊያቀርብ የሚገባውን 5 ቮልት ፈለግሁ፤ ያገኘሁት 0.3 ብቻ ነበር። ኃይል ይገባል፣ ማሳ አለ፣ የሚወጣ ነገር የለም፤ ስለዚህ ሳጥኑ ሞቷል አልኩ። እያንዳንዱ ልኬት ትክክል ነበር። ድምዳሜው ግን ስሕተት ነበር።

መምህሩ ገንዘብ አሰባሰቡ፤ አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ ሰው ልከው ያገለገለ ኮምፒውተር አስገዙ። ገጠምነው። መኪናዋ እንደ በፊቱ ዝም አለች። እሳቸው አልተቆጡም። «ልጄ፣ አንዱ ሞተ፤ ሁለተኛውም ሞቶ ነው የመጣው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ሁለት ሳጥኖች በአንድ ዓይነት ሁኔታ መሞታቸው ምን ያህል የሚያጠራጥር እንደሆነ ያስታወሰኝ የእሳቸው ጥያቄ እንጂ የእኔ ትምህርት አልነበረም።

በማግሥቱ የሴንሰሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። የነዳጅ መርገጫውን መጠን የሚያነበው ሴንሰር ሲነቀል የሞተር ምልክቱ ወዲያው በራ፤ 5 ቮልቱም ተመለሰ። ሴንሰሩን ብቻዬን ስፈትሸው ደኅና ነው። ወደ እርሱ የሚሄደው ገመድ ግን ከብረት ጋር ሲፋተግ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ማሳ ነክቶ ነበር። በዚህ ዘመን በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ያ 5 ቮልት የጋራ ነው፤ በአንድ ቦታ ወደ ማሳ ከተሳበ ኮምፒውተሩ ሁለንተናው ይደነዝዛል። እኔ 0.3 ቮልቱን ሳይ «ማመንጨት አቅቶታል» አልኩ፤ «ማን እየጎተተበት ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም። ጥገናው አንድ ስንዝር ገመድና ጥቂት ቴፕ ብቻ ፈለገ። የመጀመሪያውን ሳጥን መልሰን ስንገጥመው መኪናዋ ተነሣች።

ኮምፒውተር አይበላሽም ማለቴ ግን አይደለም። ከጥቂት ወራት በኋላ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ የሆነች አንዲት ሚትሱቢሺ መጣችልን። ስትሞቅ ትጠፋለች፣ ስትበርድ ትነሣለች፤ ያለ ነዳጅ መርገጥ ስትቆም ድምፅዋ ይዋዥቃል። በዚህኛው ጊዜ ቅደም ተከተሌን ጠበቅሁ። ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ከ9.6 ቮልት በታች እንደማይወርድ አየሁ። በኮምፒውተሩ ማሳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.1 ቮልት እንደማይበልጥ አረጋገጥኩ። ሴንሰሮቹን ነቅዬ 5 ቮልቱን ለካሁ፤ ሁሉም ተነቅለው ሳለ እንኳ ሳጥኑ ሲሞቅ ይወርዳል። ያን ጊዜ ብቻ ሳጥኑን ከፈትኩ። የዓሣ የሚመስል ሽታ ወጣ። ካፓሲተሮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አፈትልኮ ከሥሩ ያለውን የመዳብ መስመር በልቶታል። በዚያ ዘመን በተሠሩ የሚትሱቢሺ ኮምፒውተሮች ይህ በሚገባ የታወቀ ሕመም ነው። በጊዜ ከተደረሰበት በማይክሮፋራድ እኩል፣ በቮልት እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚችል ካፓሲተር ፖሉ ሳይገለበጥ ቢተካ ሳጥኑ ይድናል። መስመሩ ብዙ ከተበላ ግን መተካት ይሻላል።

መተካትም የራሱ ጥንቃቄ አለው። መልኩና ሶኬቱ መመሳሰሉ አይበቃም፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር መመሳሰል አለበት። በቶዮታ ይህ ቁጥር በ89661 ይጀምራል፤ ቀጣዮቹ አኃዞች ግን ማርሹ ማንዋል ይሁን ኦቶማቲክ፣ መኪናው ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ይለያሉ። ባትሪው ሳይነቀል ሶኬት አይነቀልም። ቁልፉ ውስጥ ቺፕ ያለበት መኪና ከሆነ ደግሞ አዲሱ ሳጥን ከቁልፉ ሥርዓት ጋር መተዋወቅ አለበት፤ በብዙ ቶዮታዎች የመመርመሪያ ሶኬቱን 4ኛና 13ኛ ፒኖች አገናኝቶ ቁልፉን ከፍቶ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል። ይህን ባለማወቅ ደኅና ሳጥን ተገዝቶ «እርሱም ብልሽ ነው» ተብሎ ሲጣል አይቻለሁ።

አንድ ነገር ከአካባቢያችን ልጨምር። መመሪያ መጻሕፍቱ የአየር ግፊት ሴንሰር ሞተሩ ሳይነሣ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ እንዲያሳይ ይጠብቃሉ፤ ይህ የባሕር ጠለል ነው። በ2,200 ሜትር ከፍታ ትክክለኛው ንባብ ወደ 78 ይወርዳል። ሰንጠረዡን እንዳለ የሚቀበል ሰው ሆሳዕና ላይ ጤነኛውን ሴንሰር ሁሉ ያስጥላል።

በፋብሪካ ደረጃም ጥፋተኛው በእርግጥ ኮምፒውተሩ የሆነበት ጊዜ አለ። በነሐሴ 2010 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ቶዮታ ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል የሆኑ 1.13 ሚሊዮን ያህል ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን የጠራው በሞተር ኮምፒውተራቸው ሰሌዳ ላይ በሚፈጠር ስንጥቅ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ክሱ ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም፤ ማስረጃ ግን ይሻል።

ተማሪዎች አንዳንዴ «የኤሌክትሪክ መኪና በመጣበት ዘመን ይህን ለምን እንማራለን?» ይሉኛል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆኗል። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ውጤት በገጠር ከተሞቻችን ተቃራኒ ነው፦ ፎንቆ ላይ ያለችው ኮሮላ ምትክ ስለሌላት ገና ብዙ ዓመት ትሠራለች። ሳጥኗ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያለ በቂ ምርመራ የሚጣል እያንዳንዱ ሳጥን ሱማሌ ተራ ላይ ያለውን ክምችት ያሳንሳል፣ ዋጋውንም ያንራል።

ለመምህሩ የሁለተኛውን ሳጥን ዋጋ ከፈልኳቸው፤ በብዙ ልመና ተቀበሉኝ። በኋላ ሁለቱን አቀያየርን፦ ከሱማሌ ተራ የመጣው እሳቸው መኪና ላይ እየሠራ ነው፤ ያለ ጥፋቱ የፈረድኩበት ግን ይኸው እዚህ ነው። ክዳኑ በአራት ብሎን የተያዘ ነው፤ ካቻቢቴውም አጠገቡ አለ። ከጥያቄና መልሱ በኋላ ከፍታችሁ ለማየት የምትፈልጉ ወደ ፊት ኑ።