ቧልተኛው ሲለወጥ
ስለ ግል ፊልም አሠራር ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የአንድን ቧልተኛ የሕይወት ለውጥ በግል አቅም በፊልም ለማሳየት የሚነሣ ባለሙያ፣ ከገንዘብ እጥረት አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ይኸውም ሰውየው ከተለወጠ በኋላ ሣቁ የት ይደርሳል የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ለውጡ በቃል ይነገራል፤ ቧልተኛው ቆሞ ሌላ ሰው መሆኑን ያውጃል፤ ተመልካቹም ሰምቶ ይረሳዋል።

የኃይሌ ገሪማ «ምርት፤ 3000 ዓመት» የተባለው ፊልም ከዚህ የተሻለ መንገድ አሳይቷል። ኃይሌ በሎስ አንጀለስ የፊልም ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2 ሳምንት ገደማ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጸው። ተዋንያኑ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ቀረበ። በውስጡ መሬቱን የተነጠቀ፣ መንደሩም እንደ እብድ የሚቆጥረው ሰው አለ። ይህ ሰው የቀልድ ባለሙያ ባይሆንም ባለመሬቱን የሚዘልፍበት አንደበቱ ያስቃል። ታሪኩ እየገፋ ሲሄድ ግን እንደ እብድ ወግ የታለፈው ነገር የገበሬው ሁሉ ብሶት መሆኑ ይታወቃል፤ በመጨረሻም ሰውየው ባለመሬቱን ይገድላል። ለውጡን ተመልካቹ የሚረዳው ያንኑ ዘለፋ የሚሰማበት ጆሮው ሲለወጥ ነው።

በዚያ ዘመን 400 ጫማ የሚሆን የ16 ሚሊ ሜትር ጥቅል 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቀርጽ ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ ጥቅል ታስቦበት ይወጣ ነበር። ዛሬ ዲጂታል ካሜራ ይህን ወጪ አቃልሎታል። የሰው ጠባይ የሚለወጥበትን ጊዜ ግን ማንም መሣሪያ ሊያሳጥረው አይችልም።

ይህ ትምህርት በዋግ ኽምራ፣ ተከዜን በተጠጋው ቆላማው አበርገሌ፣ ፊልም ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ይጠቅማል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ የአበርገሌ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ በሰቆጣና በአካባቢው ተጠልሎ ነበር። በሠርግና በደቦ መንደሩን ሲያስቅ የኖረ ሰው ከዚህ መከራ ሲመለስ ምን ብሎ ያስቃል? ዝምታውስ እንዴት ይቀረጻል?

እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚይዝ ባለሙያ ሦስት ነገር ሊያሟላ ይገባል። አንደኛ፣ ቀልደኛው በኽምጣና የሚቀልድ ከሆነ ቀልዱ በኽምጣና ይቀረጽ፤ ትርጉሙ በጽሑፍ ከሥር ይግባ፤ በሌላ ቋንቋ ድገመው የተባለ ቀልድ ለዛውን ያጣልና። ሁለተኛ፣ ካሜራው ከቀልደኛው እኩል አድማጮቹን ይመልከት፤ ማን እንደ ሣቀና ማን አንገቱን እንደ ደፋ ካልታየ ለውጡ አይታወቅም። ሦስተኛ፣ የሰውየው ፈቃድ በመጀመሪያ ቀን ብቻ ሳይሆን ፊልሙ ተቀናብሮ ካለቀ በኋላም ይጠየቅ፤ በፊልሙ ላይ ኀዘኑ እንጂ ቀልዱ ካልቀረ፣ ያ ሰው በገዛ መንደሩ መታዘኛ ሆኖ ይኖራልና።