ሂሳቡ በተራ ይሁን፦ ለእንግዳ የሚሆኑ የአዲስ አበባ ቤቶች
(በዓመታዊው የምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከውጭም ከክልልም የሚመጡት ሁሉ ‹አዲስ አበባ ውስጥ የት እንሂድ?› እያሉ ይጠይቁናል፤ አንቺ አሥር ደቂቃ ተናገሪበት» ሲለኝ፣ «እኔ እኮ የምኖረው ሐዋሳ ነው!» አልኩ። «እሱማ ይሻላል፤ የከተማው ሰው መቼ ከቤቱና ከሥራው ይወጣል?» ተባልኩ። እውነታቸውን ነው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ለስብሰባና ለሥልጠና እመጣለሁ፤ በመጣሁ ቁጥር የማልቀርባቸው ቦታዎች አሉኝ። ዛሬ እነሱን ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ቦታዎቹን በምን እንደመረጥኩ ልናገር። ከውጭ የሚመጣው ጓደኛችን ናፍቆን ይመጣና ትልቅ ሆቴል ራት ይጋብዘናል። በቅን ልብ ነው፤ እግዜር ይስጥልን። ግን ሁልጊዜ አንድ ሁለት ሰው «ዛሬ ዲዩቲ ነኝ» ብሎ ይቀራል። ሁላችንም ሐኪሞች ነን፤ ማን ዲዩቲ እንዳለበት ማን እንደሌለበት እንተዋወቃለን። ሰውየው የቀረው ተጋብዞ መልሶ መጋበዝ ስለማይችል ነው። የእኛ ሰው ሲበላ ማብላት ይፈልጋል። ተራው የማይደርሰው ሰው መጀመሪያ ከራቱ ይቀራል፣ ቀጥሎ ስልክ አያነሳም፣ በመጨረሻ እንዲህ ካለው ጉባኤም ይጠፋል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ማንኛችንም በተራችን «ሂሳብ!» ማለት የምንችልባቸው ቤቶች ናቸው።

ጠዋት በፒያሳ እንጀምር። ቶሞካ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና ሲቆላ የኖረ ቤት ነው። ዛሬ ቅርንጫፎቹ ብዙ ናቸው፤ እኔ የምወደው ግን የፒያሳውን፣ ቆሞ የሚጠጣበትን ነው። እዚያ ፕሮፌሰሩም ኢንተርኑም ትከሻ ለትከሻ ቆመው ማኪያቶ ይጠጣሉ፤ አንድ ዙር መጋበዝም ማንንም አይጎዳም። ስትወጡ የተቆላ ቡና ለቤት መያዝ እንዳትረሱ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የተማሪነት ዘመን ካርታችሁን ይዛችሁ ፒያሳ እንዳትወጡ። ዶሮ ማነቂያና ሠራተኛ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል። ፈተና ስንጨርስ ለአምስት ተጠግተን ሽሮ የምንበላባት ጠባብ ቤትም አብራ ሄዳለች። አሁን ምልክታችሁ በዚያው ዓመት የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ከባለቤትና ከልጆች ጋር የመጣችሁ ግቡና እዩት።

ለምሳ ከፒያሳ ሳትርቁ ጣይቱ ሆቴል ግቡ። እቴጌ ጣይቱ የመሠረቱት የአገራችን የመጀመሪያ ሆቴል ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰው ቃጠሎ የጃዝ ወዳጆች የምንወደውን ጃዛምባን አጥተናል፤ ሆቴሉ ግን ቆሞ አለ። የጾም ቡፌው ሥጋ ለማይበላ የውጭ አገር ሙሽራችሁም፣ ዓርብ ረቡዕ ለሚጾመው ጓደኛችሁም ይሆናል።

ሥጋ ካማራችሁ ደግሞ ከተማው ሙሉ ሉካንዳ ቤት ነው። በኪሎ ታዞ፣ በጋራ ተበልቶ፣ በጋራ ስለሚከፈል ለባች የሚሆን ግብዣ ነው። ቁርጡን በተመለከተ ግን የፓራሲቶሎጂ መምህራኖቻችን እዚሁ ተቀምጠው ዝም ብል ማርኬን መልሰው የሚቀንሱብኝ ይመስለኛል፦ ኮሶ የሚመጣው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው፤ ሚጥሚጣም አዋዜም ትሉን አይገድሉትም። ጥብስ እዘዙ። ደግሞም ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በዚያው ሌሊት ጠጅ ብትደፍሩ ነገ ለራስ ምታታችሁ እኔን እንዳትደውሉልኝ።

ለገበያ ሦስት ቦታ ልጠቁም። ለጥበብ ልብስና ለጋቢ ሽሮ ሜዳ፤ እንጦጦ ግርጌ ነው። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ የጋሞ ልጆች ናቸው። ተከራከሩ፣ የገበያ ወግ ነው፤ ግን በሰው የቀናት ድካም ላይ በጣም አትጨክኑ። ለበርበሬ፣ ለኮረሪማና ለቅቤ ሾላ ገበያ፤ እናታቸው ጋ የማይደርሱ ሁሉ እዚያ ይሂዱ። ለመጻሕፍት ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፤ ከጥቁር አንበሳ በእግር ይደረሳል። ልጆቻችሁ አማርኛ እንዲያነቡ ከፈለጋችሁ ሻንጣ ውስጥ ለመጽሐፍ ቦታ ተዉ።

ማታስ? ማታማ አዝማሪ ቤት ነው። ካዛንቺስ ፈንድቃ ውስጥ መላኩ በላይን ትከሻው እስኪጠፋን ድረስ እስክስታ ሲወርድ ያያችሁ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. ብዙው ፈርሶ የሌሊቱ ጨዋታ ተበትኗል፤ ግን ማሲንቆ አልጠፋም፣ ጠይቃችሁ ድረሱበት።

አምና እንዲሁ ጠይቀን አንድ ቤት ገባን፤ ከውጭ የመጡ ሁለት፣ ከክልል እኔ፣ ከአዲስ አበባ ሦስት። አዝማሪው «ሥራችሁ ምንድን ነው?» አለ። «ሐኪሞች ነን» አልን። ማሲንቆውን ገዝገዝ አደረገና የሁሉን ልብ ትርታ የሚያዳምጥ ሐኪም ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ የእናቱን ልብ ማን ያዳምጥላት ብሎ ዘፈነ። ቤቱ ሳቀ፤ እኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ማንም አልሳቀም። ትንሽ ቆይቶ ከውጭ የመጣው ጓደኛችን የእናቱን ሕመም ማውራት ጀመረ። እዚሁ የቀረው ጓደኛችን ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እየሄደ ደም ግፊቷን ይለካላት ነበር፤ ለማንም አልተናገረም። ያን ሌሊት ሂሳቡን ለመክፈል ተጣላን፤ የከፈለውም እሱ፣ ደም ግፊት የሚለካው ነው። እንዲያ ቀና ብሎ ሲወጣ አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ከውጭ የመጣችሁ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ተጋበዙ። «ተዉ፣ እኔ ልክፈል» ብላችሁ እጅ አትያዙ፤ ሰው ይክፈልላችሁ፤ ክብሩ ነው። እዚህ ያለን ደግሞ «ዲዩቲ ነኝ» ያለውን ጓደኛችንን ዝም ብለን አንለፈው። እንደውልለት፤ ቦታውንም እሱ ይምረጥ።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ፒያሳ፣ ቶሞካ ነኝ። የመጀመሪያው ዙር በእኔ፤ ሁለተኛው በመጨረሻ በደረሰው ነው።